የተከፈተ መዝገብ፣ ያልተጻፈ ማብራሪያ፦ የገንዘብ ሶፍትዌርን የምናምነው በምንድን ነው?



ይህ ጽሑፍ ረዘም ይላል። ጉዳዩ የገንዘብ አማና ነውና ትንሽ ጊዜ ስጡት።

ከጥቂት ወራት በፊት ከጀመዓችን ወጣቶች ሁለቱ ከመግሪብ ሰላት በኋላ ላፕቶፕ ይዘው ወደ መስጂዱ ኮሚቴ መጡ። የግንባታውን ገንዘብ፣ የሰደቃ ሳጥኑንና የዘካውን መዝገብ ከደብተር አውጥተን በኮምፒውተር እንያዝ አሉ። ያመጡት ሶፍትዌር ግኑካሽ ይባላል። ነፃ ነው፤ ኮዱም ክፍት ነው፤ ውስጡን ማንም ሊያየው ይችላል ብለው አስረዱ። ሁሉም ደስ አለው። ከአባቶቻችን አንዱ ግን ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ «ማንም ሊያየው ይችላል ማለት ማንም ይገባዋል ማለት ነው?»

ወጣቶቹ ወዲያው መልስ አልነበራቸውም። እኛም አልነበረንም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ መልስ ስንፈልግ ያገኘነው ነው።

🔹 ማንም የማያነበው ክፍት ደብተር

ጥያቄው ከየት እንደመጣ ኮሚቴው ያውቃል። ጀመዓችን ጥቁር ሽፋን ያለው አንድ ትልቅ ደብተር አለው። ለብዙ ዓመታት የያዙት አንድ ታማኝ ሰው ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። አንድም ሳንቲም ጎደለባቸው ያለ ሰው የለም። ደብተሩም ተደብቆ አያውቅም፤ ከመደርደሪያው ላይ ነበር፤ የፈለገ ያነሣ ነበር።

እሳቸው ወደ አኺራ ከሄዱ በኋላ አንዲት እናት መጡ። ልጃቸው ወደ ዐረብ ሀገር ስትሄድ ለክፉ ቀን እንዲሆናቸው የተወችላቸውን ገንዘብ እኒያ ሰውዬ ዘንድ አማና አስቀምጠው ነበር። ደብተሩ ተከፈተ። በዚያ ወር ገጽ ላይ ሦስት መስመሮች አሉ፤ እያንዳንዱ ሁለት ፊደል፣ አንድ ቁጥርና አንድ የክብ ምልክት ብቻ። ክቡ «ተከፍሏል» ማለት ነው ወይስ «ገና ነው»? ፊደሎቹ የሰው ስም ናቸው ወይስ የሰፈር? ማንም አላወቀም። የሚያውቁት ሰው ቀብር ውስጥ ናቸው። በመጨረሻ የኮሚቴው አባላት ከየኪሳቸው አዋጥተው እናትየውን ሸኟቸው። ሁለቱ መስመሮች ግን የማን ሐቅ እንደሆኑ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

አስተውሉ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሌባ የለም። የተደበቀ ነገርም የለም። የጎደለው ማብራሪያ ብቻ ነበር።

🔹 መጻፍ ለምን ታዘዘ?

በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ብድር መጻፍ የሚናገረው የሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ ነው። ሁላችንም ቀርተነዋል፤ ዝርዝሩን ግን ብዙ ጊዜ አናስተውለውም። አንቀጹ ጻፉ ብሎ ብቻ አላለፈም። ጸሐፊው ፍትሐዊ እንዲሆን፣ ቃሉን የሚያስጽፈው ዕዳው ያለበት ሰው እንዲሆን፣ ማስጻፍ የማይችል ከሆነ ወኪሉ እንዲያስጽፍለት፣ ምስክር እንዲቆም፣ ገንዘቡ ትንሽም ሆነ ትልቅ መጻፍ እንዳይሰለች አዘዘ። ምክንያቱንም አስቀመጠ፦ ለምስክርነት የጸና፣ ከመጠራጠርም የሚያርቅ ስለሆነ። ስለዚህ የመጻፍ ግቡ ወረቀት መሙላት አይደለም፤ ነገ የሚመጣው ሰው እንዳይጠራጠር ነው።

የሐዲስ ሊቃውንትም ይህን በሌላ በር አውቀውታል። አንድ ዘጋቢ ተቀባይ እንዲሆን ሁለት ነገር ይፈለግበታል። አንዱ ዐዳላ ነው፤ ሃይማኖቱና ጠባዩ የታመነ መሆኑ። ሁለተኛው ደብጥ ነው፤ የሰማውን በትክክል ይዞ ማቆየቱ። ደብጥም በልብ የሚያዝ አለ፣ በመጽሐፍ የሚያዝ አለ። ደግ ሰው ሆኖ ደብጥ የጎደለው ይወደዳል፣ ዱዓ ይደረግለታል፤ ዘገባው ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

በግብፅ ቃዲ የነበሩት ዐብዱላህ ኢብኑ ለሂዐ (በ174 ዓመተ ሒጅራ ያለፉት) ለዚህ የታወቁ ምሳሌ ናቸው። መጻሕፍታቸው እንደተቃጠሉ ተዘግቧል። ከዚያ በኋላ ከልባቸው ሲያወሩ ተደበላለቀባቸው፤ ብዙ ሊቃውንትም ቀደም ብለው ከእሳቸው የሰሙትን የነዐብዱላህ ኢብኑል ሙባረክን ዘገባ ከኋለኞቹ ለይተው አስበለጡ። የተጠራጠሩት የሰውየውን ታማኝነት አልነበረም፤ የጠፋውን ጽሑፍ ነበር።

ይህን ሚዛን ያዙልን፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

🔹 ክፍትነት ከየት መጣ?

ሶፍትዌር የሚሠራው ሰው በሚጽፈው ትእዛዝ ነው፤ ያ ጽሑፍ ኮድ ይባላል። አብዛኛው የምንገዛው ሶፍትዌር ኮዱን አያሳየንም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ ሂጅሪ ካላልን በስተቀር የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንዲሁ ነው) በአሜሪካ ኤም.አይ.ቲ. ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን አንድ ችግር ገጠመው። የቤተ ሙከራው አዲስ ማተሚያ ወረቀት ይይዝበታል። ማስተካከል ይችላል፤ ኮዱን ግን ሊሰጡት አልፈቀዱም። በ1983 ግኑ የተባለውን ፕሮጀክት አወጀ፤ ሐሳቡም ተጠቃሚው ሶፍትዌሩን የማየት፣ የማረምና ለሌላው የማካፈል ነፃነት ይኑረው የሚል ነበር። «ኦፕን ሶርስ» የሚለው ስም የመጣው በ1998 ነው። የወጣቶቻችን ግኑካሽም የመጀመሪያው እትሙ በዚያው ዓመት ወጣ።

ስለ ጉዳያችን የሚገርመው ይህ ነው፦ ስቶልማን ራሱ የነፃ ሶፍትዌር ትልቁ ጉድለት የሶፍትዌር እጥረት ሳይሆን የጥሩ ነፃ መመሪያ መጻሕፍት እጥረት እንደሆነ ጽፏል። በ2000ም ለሰነዶች ብቻ የሚሆን የፈቃድ ውል ወጣ። ክፍትነትን የጀመሩት ሰዎች ክፍትነት ብቻውን እንደማይበቃ አውቀዋል ማለት ነው።

ለምን እንደማይበቃ ሦስት ታሪኮች እናንሣ። ሦስቱም ኮዱ ለዓለም ሁሉ ተከፍቶ እያለ የሆኑ ናቸው።

🔹 ለሁለት የተሰነጠቀው መዝገብ

የመጀመሪያው ቢትኮይን ነው። ስለ ክሪፕቶ ሑክም እዚህ አንገባም፤ ዑለማዎች የተለያዩበት ጉዳይ ነው፤ ለጥያቄያችሁ ወደ እነሱ ሂዱ። እኛ የምናየው የመዝገቡን ታሪክ ብቻ ነው።

ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የተሸሸገ ሰው ወይም ቡድን ጥቅምት 31 ቀን 2008 የዘጠኝ ገጽ ጽሑፍ አወጣ። በጥር 2009 ሶፍትዌሩ ተለቀቀ። ቢትኮይን ከ21 ሚሊዮን አይበልጥም ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ይህ ቁጥር ግን በዚያ መሥራች ጽሑፍ ውስጥ የለም። ያለው በኮዱ ውስጥ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ የቢትኮይን ሕግ ማለት ኮዱ ራሱ ነበር፤ ሙሉውን ሕግ ለብቻው የጻፈ ሰነድ አልነበረም።

ይህ ምን እንደሚያስከትል በመጋቢት 2013 ታየ። በየካቲት 0.8 የተባለው አዲስ እትም ወጥቶ ነበር። ከቀድሞው 0.7 ጋር አንድ ልዩነት ነበረው፤ መረጃ የሚያስቀምጥበትን ዳታቤዝ ከበርክሌይ ዲቢ ወደ ሌቭል ዲቢ ቀየረ። ፈጣን እንዲሆን እንጂ ሕጉን ለመቀየር ማንም አላሰበም። መጋቢት 11 ሌሊት 225,430ኛው ብሎክ ተመዘገበ፤ ብዙ ዝውውር የያዘ ትልቅ ብሎክ ነበር። አዲሱን እትም የጫኑ ኮምፒውተሮች ተቀበሉት። አሮጌውን የያዙት አልተቀበሉትም። መዝገቡ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ አንዱ ወገን ተከፍሏል የሚለውን ሌላው አልተከፈለም ይል ጀመር።

ምክንያቱ ምን ነበር? የቀድሞው ዳታቤዝ በአንድ ጊዜ ሊይዘው የሚችለው የቁልፍ ብዛት ገደብ ነበረው። ያ ገደብ የዳታቤዙ ማስተካከያ እንጂ የገንዘቡ ሕግ ሆኖ የትም አልተጻፈም። በተግባር ግን ለአራት ዓመታት ሕግ ሆኖ ሲሠራ ቆይቶ ነበር። ማንም ሳያውቀው፣ ማንም ሳይጽፈው! ኮዱ ክፍት ነበር፤ ገደቡም ሊታይ ይችል ነበር። ሰው ግን የሚያየው እንዲያይ የተነገረውን ነው።

ትላልቆቹ ቆፋሪዎች በፈቃዳቸው ወደ አሮጌው እትም ተመለሱ። ያ ውሳኔ በአዲሱ ወገን ያገኙትን ገቢ አሳጣቸው። ስንጥቁ ስድስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ተዘጋ፤ 24 ብሎኮች ተጣሉ። በመካከሉ አንድ ሰው ያንኑ ገንዘብ ሁለት ጊዜ መክፈል ቻለ፤ መጠኑ ወደ 10,000 ዶላር ይጠጋ ነበር።

ከዚያ የመጣው ግን መልካም ነው። ገንቢዎቹ ምን እንደተፈጠረ፣ ለምን እንደተፈጠረና ምን እንደተማሩ ቢፕ 50 በተባለ ሰነድ ለሁሉም ጽፈው አስቀመጡ። አሮጌው ገደብም የሚነሣበት ቀን ግንቦት 15 ቀን 2013 ተብሎ አስቀድሞ ታወጀ። ስውር የነበረው ሕግ ተጻፈ፤ ተጽፎም ተሻረ። እምነቱ የተመለሰው በዚህ ነው።

🔹 ለምን እንዳለች ያልተጻፈችው መስመር

ሁለተኛው ታሪክ የሁላችንንም ስልክ ይነካል። በስልካችሁ ወደ ባንክ ገጽ ስትገቡ የቁልፍ ምልክት አይታችሁ ይሆናል። ከዚያ ምልክት ጀርባ ብዙ ጊዜ ኦፕን ኤስ.ኤስ.ኤል. የተባለ ክፍት ሶፍትዌር ይሠራል። ምስጢራችሁ በመንገድ ላይ እንዳይነበብ የሚቆልፍ ነው። ቁልፉ ጠንካራ የሚሆነው ማንም ሊገምተው የማይችል ቁጥር ሲሆን ነው።

በ2006 ዴቢያን ለተባለው ሥርዓት ይህን ሶፍትዌር የሚያዘጋጅ አንድ በጎ ፈቃደኛ ስህተት ፈላጊ መሣሪያ ሲያስኬድ ሁለት መስመሮች ላይ ማስጠንቀቂያ አየ። ሁለቱ መስመሮች ይመሳሰላሉ። አንደኛዋ አጠገብ መሣሪያው ሊያማርር እንደሚችል የሚጠቁም አጭር ማስታወሻ ነበረ። ሁለተኛዋ አጠገብ ግን ምንም የለም። ሰውየው በድፍረት አልቆረጠም፤ ጠየቀ። ያገኘው መልስ መስመሮቹን ማስወገድ ይቻላል የሚል መሰለው። ሁለቱንም አስወገደ።

ማስታወሻ ያልነበራት መስመር የቁልፉ ነፍስ ነበረች። የማይገመተውን ነገር ወደ ቁልፉ የምታስገባው እሷ ነበረች። እሷ ስትወገድ ቁልፉ የሚመሠረትበት የቀረው በኮምፒውተሩ ውስጥ የሥራው ተራ ቁጥር ብቻ ሆነ፤ ያም ቢበዛ 32,768 ነው። በሌላ አባባል፣ ቁጥር ስፍር የሌለው ሊሆን የሚገባው የቁልፍ ዓይነት በአንድ ቀን ተሞክሮ ሊያልቅ የሚችል ሆነ። ጉዳዩ ተገኝቶ ማስጠንቀቂያ የወጣው ግንቦት 13 ቀን 2008 ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ያን ያህል ጊዜ በዚያ ሥርዓት የተሠሩ ቁልፎች ሁሉ ተጥለው በአዲስ መሠራት ነበረባቸው።

እስቲ አስቡት፤ አንዲት መስመር ማብራሪያ፣ «ይህቺን እንዳትነኩ፤ ምክንያቱም...» የምትል፣ ይህን ሁሉ ታስቀር ነበር።

ትምህርቱ ግን ወዲያው አልተወሰደም። በሚያዝያ 2014 በዚሁ ሶፍትዌር ውስጥ «ሃርትብሊድ» የተባለው ሌላ ቀዳዳ ይፋ ሆነ። ከ2012 ጀምሮ የነበረ ነው። የካናዳ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ድረ ገጹን ለጊዜው እስከ መዝጋት ደረሰ፤ 900 ያህል ሰዎች መለያ ቁጥራቸው ተሰረቀ። ያኔ ዓለም ያወቀው ሌላ ነገር ደግሞ አለ፦ የዓለም ገበያ የተደገፈበትን ይህን ሶፍትዌር የሚሠሩት ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ በዓመት የሚያገኙት ልገሳም 2,000 ዶላር ያህል ብቻ ነበር። ሁሉም ይጠቀማል፤ የሚያዋጣ ግን የለም። በጀመዓችንም የምናውቀው ነገር ነው!

በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ፕሮጀክቱ የራሱን ድክመቶች ዘርዝሮ አወጣ። ከዝርዝሩ ውስጥ ሰነዱ ያልተሟላና አንዳንዱም የተሳሳተ መሆኑ ተጽፎ ይገኛል። ይህን ያለው ተቃዋሚ አይደለም፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው።

🔹 በአንድ ትእዛዝ የተቆለፈው ገንዘብ

ሦስተኛው ታሪክ አጭር ነው። በ2017 ፓሪቲ የተባለ ድርጅት የኢቴሪየም ገንዘብ ማስቀመጫ ሶፍትዌር ነበረው፤ ኮዱ ክፍት ነው። በሐምሌ ሌቦች በቀዳዳ ገብተው 30 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወሰዱ። ድርጅቱ አስተካክሎ በማግሥቱ አዲስ አወጣ። አዲሱ የተሠራው ብዙ ማስቀመጫዎች አንድ የጋራ ክፍል ላይ እንዲደገፉ ሆኖ ነው፤ ብዙ ቤቶች በአንድ ምሰሶ እንደማቆም።

ያ የጋራ ክፍል ግን ባለቤት አልተመዘገበለትም ነበር። በነሐሴ አንድ የውጭ ሰው ኮዱን አይቶ ይህ ክፍል ሊመዘገብ ይገባል ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ድርጅቱ በኋላ እንዳመነው ሐሳቡን የአጠቃቀም ማሻሻያ አድርጎ ተረዳው እንጂ የደኅንነት ጉዳይ አድርጎ አላየውም። ኅዳር 6 አንድ ተጠቃሚ ራሱን የምሰሶው ባለቤት አድርጎ አስመዘገበ፤ ቀጥሎም ምሰሶውን አጠፋው። 587 ማስቀመጫዎች ከ513,000 በላይ ኢተር እንደያዙ ተቆለፉ። በዚያ ጊዜ ዋጋ ከ150 ሚሊዮን ዶላር ያላነሰ ነው። ገንዘቡ አልተሰረቀም፤ ይታያል፤ ሊነካ ግን አይችልም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ዐይን አልጠፋም ነበር። አንድ ሰው አይቷል፤ ተናግሯልም። ያልነበረው የጋራ ቋንቋ ነው። የትኛው ክፍል ምሰሶ እንደሆነ፣ ባይመዘገብ ምን እንደሚመጣ በግልጽ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ያ ሐሳብ እንደ ተራ አስተያየት አይታለፍም ነበር።

🔹 ዝግ ቢሆንስ?

እዚህ የደረሰ ሰው «እንግዲያው ክፍት ሶፍትዌር ይቅርብን» ሊል ይችላል። አይቸኩል።

በብሪታንያ ፖስታ ቤት ከ1999 ጀምሮ ሆራይዘን የተባለ የሒሳብ ሥርዓት ይሠራ ነበር። ኮዱ ዝግ ነው፤ የፉጂትሱ ነው። ሥርዓቱ በየቅርንጫፉ የሌለ ጉድለት ያሳይ ጀመር። ቅርንጫፍ የሚያስተዳድሩት ሰዎች «እኛ አልወሰድንም» ቢሉም ኮምፒውተሩ ታመነ። እስከ 2015 ድረስ ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆትና በሐሰት ሒሳብ ተፈረደባቸው። የታሰሩ አሉ፤ ቤታቸውን የሸጡ አሉ፤ ራሳቸውን ያጠፉ አሉ።

ሰነድ አልነበረም? ነበር! የታወቁ ስህተቶች የሚመዘገቡበት መዝገብ ከባለሙያዎቹ ዘንድ ነበር። የተከሰሱት ሰዎች ግን እንዲያዩት አልተፈቀደም፤ ወደ ኋላም ክስ መሥርተው ሲጠይቁ ፖስታ ቤቱ ማሳየቱን ተቃወመ። ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2019 ሥርዓቱ ስህተት እንደነበረበት ወሰነ። በ2024 ፓርላማው ፍርዶቹን በሕግ ሻረ። ሃያ ዓመት ግን በሕግ አይመለስም።

አሁን ሁለቱን አስተያዩ። በቢትኮይኑ ታሪክ ስህተቱ በሰዓታት ተለይቶ በጽሑፍ ለሁሉም ወጣ። በዴቢያኑ ታሪክ ሁለት ዓመት ፈጀ፤ ሲገኝ ግን ማን መቼ የትኛዋን መስመር እንዳነሣ እስከ ቀኑ ይታይ ነበር። በፖስታ ቤቱ ታሪክ ንጹሕ ሰው ራሱን የሚከላከልበት ወረቀት እንኳ አላገኘም።

🔹 ታዲያ ፍርዱ ምንድን ነው?

ወደ ያዝነው ሚዛን እንመለስ። ክፍትነት የሶፍትዌር ዐዳላ ነው ብንል አልተሳሳትንም። አልደብቅም፣ ፈትሹኝ የሚል ነው። ሰነድ ደግሞ ደብጡ ነው። የሠራው ሰው ያሰበው ነገር ሳይጠፋና ሳይደበላለቅ ለሚቀጥለው ሰው የሚተላለፍበት ነው። ዐዳላ ያለ ደብጥ ተወዳጅ ነገር ግን ደካማ ዘጋቢ ያደርጋል። ደብጥ ያለ ዐዳላ ደግሞ እንደዚያ ፖስታ ቤት ነው፤ መዝገቡ አለ፣ ለተበዳይ ግን አይወጣም።

ስለዚህ የሰነድ ጉድለት እምነትን ይሸረሽራል ወይ ለሚለው መልሳችን አዎ ነው። የሚሸረሽረው ግን በአንድ በኩል ነው። ኮድ ኮምፒውተሩ ምን እንደሚሠራ ይናገራል። ለምን እንደዚያ እንደሚሠራ አይናገርም። «ለምን» ባልተጻፈበት ቦታ የማየት መብት አለ፤ የመፈተሽ ዐቅም ግን የለም። በገንዘብ ነገር ደግሞ መብቱን የሚፈልገው ፕሮግራመሩ ብቻ አይደለም፤ አማናዋን ያስቀመጠችው እናትም ናት።

«ኮዱ ራሱ ሰነድ ነው» የሚሉ ወንድሞች አሉ። እውነትነት አለው፤ የተጻፈ ሰነድ ከኮዱ ወደ ኋላ ቀርቶ ሊዋሽ ይችላል፤ ኮዱ ግን የሚሠራውን ነው የሚናገረው። ቢሆንም ያቺ የተወገደችው መስመር ኮድ ነበረች፤ ክፍትም ነበረች፤ ያነበባትም ሰው ባለሙያ ነበር። ባለሙያ አንብቦ ከተሳሳተባት፣ ለኮሚቴው ሒሳብ ያዥ «ኮዱን አንብብ» ማለት መልስ አይሆንም።

🔹 ለጀመዓችን ያወጣነው

በመጨረሻ ኮሚቴው ግኑካሽን ተቀበለ። ራሱን የቻለ የአጠቃቀም መመሪያና የሒሳብ አያያዝ ማስተማሪያ አለው። መዝገቡንም ኤክስኤምኤል በተባለ በጽሑፍ ሊነበብ በሚችል ቅርጽ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሶፍትዌሩ ነገ ቢጠፋ መዝገቡ አብሮ አይጠፋም። ግን ያ የዓለም መመሪያ እኛ ለዘካ የከፈትነው ሒሳብ ምን እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ ሁለቱ ወጣቶች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት በአማርኛ አራት ነገር እንዲጽፉ ተስማማን።

1️⃣ እያንዳንዱ የሒሳብ ስም ምን ማለት እንደሆነ። ዘካ ከግንባታ ገንዘብ ጋር እንዳይቀላቀል፤ ምክንያቱም ዘካ የሚሰጥባቸው ክፍሎች በቁርኣን የተቆጠሩ ናቸው። ይህ «ለምን» ራሱ ይጻፍ።

2️⃣ ማን እንደሚመዘግብ፣ ማን እንደሚያረጋግጥ። በዚህ ሶፍትዌር የተመዘገበን ሒሳብ በኋላ መለወጥ ይቻላል። ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ ታትሞ ሁለት ሰው ይፈርምበታል፤ ከደረሰኙ ጋር ይቀመጣል።

3️⃣ ስህተት ሲገኝ እንዴት እንደሚታረም። ተደልዞ ሳይሆን ምን እንደተሳሳተና ማን እንዳስተካከለ ተጽፎ።

4️⃣ የመዝገቡ ቅጂ የት እንዳለ፣ የይለፍ ቃሉ ከማን ከማን ዘንድ እንደሆነ። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ነገር ከእሱ ጋር ይቀበራል።

ከዚያም ፈተና አደረግን። ሒሳብ ያልተማረ፣ ኮምፒውተር ግን የሚያውቅ አንድ ደረሳ ጠራንና የተጻፈውን ሰነድ ብቻ ሰጠነው። «ባለፈው ወር ለየቲሞች የወጣውን አግኝ» አልነው። መጀመሪያ አልቻለም። ወጣቶቹ ትንሽ ተከፉ፤ ግን ሰነዱን አስተካከሉ። በሦስተኛው ሙከራ አገኘው። ያን ጊዜ ጥያቄውን የጠየቁት አባት ፈገግ አሉና «አሁን ክፍት ሆነ» አሉ።

እናንተም በየከተማችሁ ያላችሁ ወጣቶች፣ የዕድራችሁን፣ የቁጠባ ማኅበራችሁን፣ የመስጂዳችሁን ገንዘብ ወደ ኮምፒውተር ስታስገቡ «ነፃ ነው፣ ክፍት ነው» ብላችሁ አትቁሙ። እናንተ ነገ ለሥራ ወደ ሌላ ሀገር ብትሄዱ፣ ወይም አጀላችሁ ቢደርስ፣ የሚቀጥለው ሰው ያነበዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ኮድ መጻፍ የማትችሉም ብትሆኑ ሥራ አለላችሁ። የክፍት ሶፍትዌር መመሪያ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በስልጢኛ መጻፍ ጠቃሚ ዕውቀትን ማስተላለፍ ነው፤ ሰው በተጠቀመበት ቁጥር አጅሩ ለጻፈው ይደርሳል ብለን ተስፋ እናደርጋለን ኢንሻአላህ።

ጥቁሩ ደብተር አሁንም መደርደሪያው ላይ ነው። እነዚያን ሁለት መስመሮች ያስቀመጠ ሰው፣ ወይም ወራሹ፣ ይህን የሚያነብ ከሆነ ወደ ኮሚቴው ይምጣ፤ ሐቁ አልተረሳም።

አላህ አማናችንን በሐቅ የምንወጣ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።

ጠቃሚ ሆኖ ካገኛችሁት ለጀመዓችሁ ሒሳብ ያዥ ሼር አድርጉለት።